መጨረሻ የተገናኙበት ቀን

ሽማግሌው ወንጌላዊ ከተፍኪ ቡራዩ ድረስ የመጡት አገልግሎታቸውን በገንዘብ የሚደግፉ ሰዎችን ስም ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ለማዛወር ነው። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ ሁሉ ኪቦርዱን በአንድ ጣት ቀስ አድርገው ይነካሉ። አሠልጣኟ ናዝራዊት ስክሪኑን አይታ ግራ ገባት። «መጨረሻ የተገናኙበት ቀን» በሚለው ቦታ ሁሉ የዛሬን ቀን ሞልተዋል።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ዛሬ አገኟቸው?»

«ጠዋት በየስማቸው ጸልያለሁ። በጸሎት እንገናኝ ብለን አይደል የምንለያየው?» አሉ፤ እየቀለዱ አልነበረም።

ናዝራዊት ልታርማቸው ስትል፣ ከአንዲት ሴት ስም አጠገብ ቦታው ባዶ መሆኑን አየች።

«ለእኚህስ አልጸለዩም?»

መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ከሁሉ አስቀድሜ የምጸልየው ለእሷ ነው። ግን ልጄ ናት፤ እሷ የምትጠብቀው ስልክ መደወሌን ነው።»