የአማቴ እጅና የእኔ ጣፊያ

ትኩሳቱ የጀመረኝ በጥቅምት፣ ሰሊጥ በምናጭድበት ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ወገቤን ብርድ ብርድ አለኝና ማጭዴን ጥዬ ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ማንም አልደነገጠ። መተማ ቆላ ተቀምጦ ወባ ያልጎበኘው ሰው የለም። ኪኒን አስገዝቼ ዋጥኩ። ጆሮዬ ጮኸ እንጂ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም።

ይህን በስተርጅና በተማርኩት ፊደል የምጽፈው ለጉልበት ሥራ ወደዚያ አገር ወርዳችሁ፣ ወይም እዚያው ተወልዳችሁ፣ ትኩሳት አልለቅ ላላችሁ ሰዎች ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባሌ አያሌው ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቋራ ጫካ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፏል። ልጅ አልነበረንም። የምኖረው ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእናቱ ከእማማ ላቀች ጋር ነበር።

እማማ ላቀች የአገሩ ሁሉ አዋላጅ ነበሩ። የተጣመመ ልጅ በእጃቸው አዙረው ያወጣሉ፤ በእጃቸው ይኮራሉ፣ ኩራቱም ይገባቸው ነበር። በእኛ ቀዬ ደግሞ አዋላጅ ሳትጠየቅ የሰው ሆድ አትነካም። ሴትየዋ ራሷ «እጅዎን ያሳርፉብኝ» ማለት አለባት። አዋላጅ ሆድ ነካች ማለት አርግዛለች ብላ መሰከረች ማለት ነውና።

በታኅሣሥ ክንዴ እንደ ሰሊጥ አገዳ ቀጠነ። ሆዴ ግን ተነፋ። የወር አበባዬ ቀረ። የሚገርመው፣ የምግብ ፍላጎቴ አልጠፋም፤ እንዲያውም እየበላሁ እከሳ ነበር። እነዚህን ሁሉ ደምሩና ባሏ ሁለት ክረምት ያልታየ ሴት ላይ አስቀምጧቸው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አማቴም ፊት ነሱኝ። አንድም ቀን በአፋቸው አልተናገሩም፤ ወሩን ግን በልባቸው ይቆጥሩ እንደነበር ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል።

የንስሐ አባታችን መጥተው «በታቦት ማይና ሐሜቱ ይቁም» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቀድሞ ማንም ፊቴ ቆሞ ያልከሰሰኝን ነገር ለምን እምላለሁ? ስምል እውነቱ ይጨምራል? ባልምልስ ይቀንሳል? እሳቸው አዝነው ሄዱ። ሌላ ሥራ መሥራት ስለማልችል ቀኑን ሙሉ ጋደም ብዬ ይህንኑ አወጣ አወርድ ጀመር። እኔ ማነኝ? እኔ የማውቃት ሴት ናት እውነተኛዋ ወይስ አገር ሁሉ የሚያውቃት? መቼም ብዙ ሰው ተሳስቶ አንድ ሰው ብቻ ልክ ሲሆን፣ ያ አንዱ ሰው አንዳንድ ቀን ራሱን ይጠራጠራል። እኔ ግን ትኩሳቱ ሲያቃዠኝም አንገቴን አልደፋሁም። እማማ ላቀችን «እጅዎን ያሳርፉብኝ» ማለት ማርገዜን ማመን መሰለኝና ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። እሳቸውም ሳልጠይቃቸው ላይነኩኝ ቆረጡ። ሁለት ኩሩ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወር ተፋጠጥን።

አንድ ነገር ግን ለሐሜተኞቹ ልመስክርላቸው። ነፍሰ ጡር ናት ባይሉኝ ኖሮ፣ ሆዱ ያበጠን ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ሆዴን በጋለ ብረት ይተኩሱኝ ነበር።

በየካቲት አንድ ማለዳ ነሰረኝ። ደሙ አልቆመም። ነጠላዬ ራሰ። መደቡ ራሰ። ዓይኔ ጨለመ። እማማ ላቀች ከጓሮ ሮጠው ገቡ። ራሴን ደግፈው ያዙ። ከዚያ እጃቸው ሆዴ ላይ አረፈ።

አልጠየቅኋቸውም ነበር።

መዳፋቸው ሆዴን ከታች ጀምሮ ዳሰሰ። ቆመ። እንደገና ዳሰሰ። ወደ ግራ ጎኔ ወጣ።

«ልጅ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያድግ» አሉ ለራሳቸው። «ይህ ከጎድን ሥር ወደ ታች ነው የወረደ። ይህ ልጅ አይደለም! ምን አደረግሁሽ፣ ልጄ? ምን አደረግሁሽ?»

ያን ዕለት ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ ግመሎቻቸውን ይዘው በደጃችን ያልፉ ነበር። አማቴ ልጓሙን ይዘው አስቆሟቸው። ሐጅ አዩኝና «ይህን በሽታ ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ አይቸዋለሁ። ሐኪሞቹ ካላዛር ይሉታል፤ መርፌ አለው። ቶሎ እናድርሳት» አሉ። የቀዬው ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙኝ። ሐሜቱን በየቤታቸው የሰሙ ሁሉ በየተራ ትከሻቸውን ሰጡ። መተማ ድንበሩ ላይ የጣሊያን ዘብ ሲያቆመን፣ እማማ ላቀች ሆዴን አሳዩትና «ምጥ ይዟታል!» ብለው ጮኹበት። ዘቡ ደንግጦ አሳለፈን። በዚያ ሁኔታዬ እንኳ ሳቄ መጣ፤ ጎኔን ስላመመኝ ግን ዋጥኩት።

ከድንበሩ ማዶ፣ ከጋላባት በሎሪ ተጭነን ገዳሪፍ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ጣፊያዬን በቀጭን መርፌ ወግቶ የቀዳውን በማጉያ መስታወት አየ። ሐጅ ኢድሪስ እያስተረጎሙ ነገረን፦ «ካላዛር ነው። ያበጠው ጣፊያዋ ነው። ብትቆዩ ኖሮ ትሞት ነበር። አንቲሞኒ የሚባል መርፌ ሠላሳ ቀን ትወጋለች። አንድ ቀን አይዘለልም።»

«በምን ያዛት?» አሉ አማቴ።

«ትንሽ ዝንብ ናት የሚሉ አሉ። ገና አልተጣራም።»

«ሰሊጡን ያጨድነው አብረን ነው። እንግዲያ ለምን እሷን?»

«መድኃኒቱን አውቃለሁ» አለ ሐኪሙ። «ይኸኛውን ግን አላውቅም።»

መርፌው መራራ ነበር። መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፣ ያስለኛል፣ ያስመልሰኛል። በአሥረኛው ቀን ተነስቼ ልሂድ ብዬ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲያ ቀኑ እየረዘመ፣ ጉልበቴም እየተመለሰ ሄደና፣ በማለዳ በግቢው ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን፣ አማቴ በጣታቸው ጣፊያዬን ከጎድኔ በታች እየለኩ፣ ሐኪሙም ሲያልፍ ከእኛ በተማራት ቁራሽ አማርኛ «ዛሬ ስንት ጣት ቀረ?» እያለ እሳቸውን ይጠይቅ ጀመር። የሕክምና ትምህርት ያለው ሰው የአማቴን እጅ አምኖ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ ሳይ፣ ያ ሁሉ ቂም እያለኝ እንኳ ደረቴ በኩራት ተነፋ።

ሐጅ ኢድሪስ ለገበያ በመጡ ቁጥር ይጠይቁን ነበር። አንድ ቀን የሐኪሙን መልስ አንስተን ስንከራከር «ቀደር ነው፣ የተጻፈልሽ ነው» አሉ። አማቴ ደግሞ «ያለ ኃጢአት መከራ አይመጣም፤ የእኔ ኃጢአት ይሆናል በሷ የወጣ» አሉ። ያኔ ሳምንታት ያቃጠለኝን ጥያቄ አወጣሁት።

«እማማ፣ በሽታ ሆኖ ሲያገኙት ተሸክመው አመጡኝ። ልጅ ቢሆን ኖሮስ? ያን ማለዳ ደሜ ሲፈስ ይተውኝ ነበር?»

ሐጅ ኢድሪስ ተነስተው ወደ ግመሎቻቸው ሄዱ። አማቴ ለቀናት ጣፊያዬን ለኩ፣ ሾርባ አጠጡኝ፣ መልስ ግን አልሰጡም።

መልሱን ያገኘሁት አገራችን ከገባን በኋላ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደቆመ፣ እማማ ላቀች ክንዴን ይዘው መሀል ገቡ።

«ይች ልጅ ካላዛር ነበረባት» አሉ። «እናንተ በአፋችሁ፣ እኔ በዝምታዬ ልንገድላት ነበር። እጄ አልተሳሳተም፤ እጄን ነፍጌያት ነው። ልጅ ቢሆን ኖሮስ ትተዋት ነበር ወይ ብላ ጠይቃኛለች። አዎ፣ እተዋት ነበር። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ከዛሬ ወዲያ ባል ያላት ትሁን የሌላት፣ የታመመች ሴት ቤት ሳልጠራ እገባለሁ። የሚከለክለኝ ካለ አሁን ይናገር።»

የከለከላቸው የለም። እኔ አለቀስኩ። ባለመማሌ ዕድሜዬን ሙሉ ኮርቻለሁ፤ በዚያች ቀን ግን ከራሴ ይልቅ በእሳቸው ኮራሁ። የእኔ ኩራት አፍ መዝጋት ብቻ ነበር። እሳቸው አገር ፊት ጥፋታቸውን ተናገሩ፣ ከዚያም ሳታገባ ያረገዘች የጎረቤት ልጅ ስትደበቅ በሯን ራሳቸው አንኳኩ፣ እስክትወልድም አልተለዩዋት። አያሌው በነጻነቱ ዓመት ከጫካ ሲመለስ ነገሩን የሰማው ከእኔ አይደለም፤ እናቱ ራሳቸውን ሳይምሩ አንድ በአንድ ነገሩት። እሱም እጃቸውን ሳመ፣ ቀጥሎ የእኔን።

ሐጅ ኢድሪስን፣ ያን ሐኪምና ቃሬዛዬን የተሸከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። እማማ ላቀችን ነፍሳቸውን ይማር።

ለእናንተ የምላችሁ ይህን ነው። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈ ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ተመርመሩ። የግራ ጎናችሁ ካበጠ በጋለ ብረት አታስተኩሱ። መርፌውን ጀምራችሁ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ፤ በመሀል የሄዱ፣ አብረውኝ ሆስፒታል የተኙ ሁለት ሰዎች በሽታው ተመልሶባቸው አልፈዋል። አልጋ አጠገብ ለምትቀመጡ ደግሞ፦ ታማሚው ጥፋት አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። እኔ ያኔ የሌላ ሰው ልጅ አርግዤ ቢሆን ኖሮም ያ እጅ ይገባኝ ነበር።