የሁለት ሰው ልክ

እህቴ ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ከወርክሾፑ የሚበነው የጀሶ ብናኝ ኪቦርዷ ውስጥ እየገባ ስለሚያስቸግራት፣ ስትጽፍ ቁልፎቹን ትደበድባቸዋለች። እውነቱን ለመናገር በልቧ የምትደበድበው አለቃዋን ነው።

አለቃዋን እኛ ቤት «በትን» ነው የምንለው። ሰውየው ያልተበተነ ነገር አይወድም። ደንበኛ እግር ሲያዝ ስሙ በኮምፒውተሩ መዝገብ፣ በዳታቤዙ፣ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ልኩ ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ማሰሪያው ደግሞ ሌላ ውስጥ ይገባል። «አንድ ነገር ሁለት ቦታ አይጻፍም» የሚል ሕግም አለው። ሕጉ ለአንዳንድ ነገር ደህና ነው። እሱ ግን የሰው ልክ እንኳ አልቀረውም፤ ሁለት ደንበኞች ቁመታቸው እኩል ከሆነ አንዲቷን የልክ ረድፍ ለሁለት ይጋሯታል። ይህን ስሰማ ሳቅኩ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

ስትነግረው ነው የከረመችው።

«ጋሼ፣ ትእዛዙ እኮ አንድ ነገር ነው። ሙሉውን አንድ ዶክመንት አድርገን እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ በአንድ ረድፍ እናስቀምጠው። የሁሉም ሰው ልክ ከየራሱ ትእዛዝ ጋር ይሁን።»

«ዳታቤዝ ሻንጣ መሰለሽ እንዴ፣ ሁሉን ጠቅጥቀሽ የምትዘጊው?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ቤት ስትገባ ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ ራት እስኪቀርብ ድረስ ከግድግዳው ጋር ትከራከራለች።

በዚህ መሃል የእናታችን ወንድም በስኳር በሽታ አንድ እግሩን አጣ። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። መሥሪያ ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ቆሞ መሥራት ከቻለ ቦታውን ሊጠብቅለት ተስማማ፤ ካልቻለ ግን ሌላ ሰው ይቀጠራል። እግሩን እህቴ ዘንድ አዘዘ። በዚያው ሰሞን ልኩ ከእሱ ጋር እኩል የነበረ ሌላ ደንበኛ እንደገና ተለካና ባለሙያው ልኩን አሳጥሮ አረመው። የታረመችው ረድፍ ግን የአጎታችንም ነበረች።

እግሩ ደርሶ ሲያጠልቀው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ባለሙያው ሜትሩን አወጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ «በተሰጠኝ ልክ ነው የሠራሁት» አለ። አልዋሸም። እህቴ ሮጣ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ራሷን ይዛ ቀረች። እኔ በትንን አንቄ ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር።

«እሺ በቃ፣ ያልሽውን አድርጊ» አላት አለቃዋ በማግስቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ሙሉ ሙሉ ዶክመንት አደረገቻቸው። እሱ ደግሞ «የወጡትን ማሰሪያዎች ከየት ልቁጠር?» እያለ ይነዘንዛት ጀመር። ዶክመንቱ ውስጥ ገብቶ መቁጠር እንደሚቻል ብታሳየውም አኩርፎ ሄደ። አዲሱ እግር እስኪሠራ ወሩ አለቀ።

ሁለተኛው እግር ሲመጣ አጎታችን ያለ ምርኩዝ ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር ሄደበት። እህቴ ተንበርክካ ከታች ታያለች።

«አጎቴ፣ አላጠረም? አይጎረብጥህም?»

«ልክ ነው ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።»

እሷ ፈገግ ልትል ስትል መስኮቱ ጋ ደርሶ ቆመ። ውጭ አውቶቡስ እያለፈ ነበር።

«አሁን በዚህ የት ልሂድበት?» አላት።