እናቴ ለኮምፒውተሩ የቆጠረችው ዘር

የወንድሜ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላት ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎም መቆም። ሐኪሟ ደሟን ወደ ውጭ አገር ላኩት። ከወራት በኋላ የመጣው ወረቀት በዘረመሏ ውስጥ አንድ ለውጥ መገኘቱን፣ እሱም ከአባቷም ከእናቷም የመጣ መሆኑን ይናገር ነበር። ሕመሙን ያመጣው ያ ለውጥ ይሁን አይሁን ግን አልወሰነም። ባዮሎጂ አጥንቼ የማስተምረው እኔ ነበርኩና ወረቀቱ በእጄ ቀረ።

እንዲህ ያሉ ለውጦች ምን ያህል ጎጂ እንደሆኑ የሚፈተሽበት ሶፍትዌር መኖሩን የነገሩኝ ሐኪሟ ናቸው። የለውጡን መለያ ሲያስገቡለት፣ ከዚህ ቀደም በእነማን ላይ እንደታየና ምን እንዳስከተለ ይመልሳል። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት በየዓርቡ ከሥራ መልስ እሄድ ጀመር። መለያውን ከወረቀቱ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሬ አስገባለሁ፤ ገጹ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ጉዳቱ አልታወቀም።

በቤታችን ግን ታውቆ አልቋል። በርበሬ በረንዳ ገበያ በርበሬ ስትነግድ ያረጀችው እናቴ፣ ሕመሙ ከምራቷ ዘር መምጣቱን ቆርጣ ነበር። ከሁለቱም ወገን መሆኑን ከወረቀቱ እያነበብኩ ባስረዳት፣ “ይኼን የጻፈው ሰው አባቴን ያውቀዋል?” አለችኝ። ምራቷን ወደ ወላጆቿ ለመመለስ ለእሑድ ሽማግሌዎች ጠራች። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፤ ሚስቱም ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ልጅቷ ከእናቷ በቀር ማንም እንዲያነሳት አትፈቅድም ነበር።

በዚያ ሳምንት ዓርብ እናቴ መደቧን ቀድማ ዘግታ፣ ከነሽርጧ ተከተለችኝ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ገና ከመቀመጧ በአጠገባችን ያሉት ሁሉ ማስነጠስ ጀመሩ።

“ወላሂ እትዬ፣” አለ ባለቤቱ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣ “የቫይረስ መከላከያ ጭኛለሁ፤ የበርበሬ ግን የለኝም።”

“አይዞህ ልጄ፣ ባዕድ ነገር አልገባበትም፤ ንጹሕ ነው።” ወደ እኔ ዞረች። “በይ ጻፊ።”

“ምኑን እማዬ?”

“አባቴን። ከዚያ አባቱን። ሰባት ቤት እቆጥርልሻለሁ። የምራቴንም ሲጋቡ የተቆጠረውን አልረሳሁትም። ያበላሸው የቱ እንደሆነ ይለይልን።”

ሶፍትዌሩን ከጋብቻ በፊት የሁለቱን ወገን ዘር እንደሚያጣራ ሽማግሌ ነበር የተረዳችው። ስም እንደማያውቅ፣ ለውጡ በስንት ሰው ላይ እንደታየ ብቻ እንደሚቆጥር ነገርኳት።

“ከእኛስ ስንት ሰው ቆጥሯል?”

ገጹን ወደ ታች አወረድኩት። የአውሮፓ ሰዎች ነበሩ፤ የእስያም። ከእኛ አገር ተመርምሮ የገባ አላገኘሁም።

“አንድም የለም” አልኳት።

“አንድም ሳይጠይቅ ነው የሚፈርደው? እንግዲያ እኔን ይጠይቀኝ።”

ከላይኛው አያቷ ጀምራ፣ እያንዳንዱ ስንት እንደወለደ በጣቶቿ እያጠፈች ወረደች። እንዳታዝንብኝ ወረቀት አውጥቼ እጽፍ ነበር። “አባቴ አምስት ወለደ” ስትል ብዕሬን አነሣሁ።

“አራት ናችሁ እማዬ።”

የታጠፉ ጣቶቿን አየቻቸው። አልዘረጋቻቸውም። ከመስኮቱ ሥር ተሸካሚዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ሲያልፉ ሰማሁ።

“ከእኔ ቀጥላ አንዲት ነበረች” አለች። “ስምንት ዓመቷ ላይ ሞተች።”

“ምን ሆና?”

“እግሯ እምቢ አለ። ጠዋት ጠዋት አዝዬ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጣት ነበር። በኋላ አንገቷም እምቢ አለ።”

“ለምን አልነገርሽንም?”

“ቢወራ እኔን ማን ያገባኝ ነበር? እኅቶቼንስ?”

በገጹ ላይ ይህን የማሰፍርበት ቦታ ፈለግሁ። ደሟ ያልተመረመረ፣ ስሟ እንኳ በቤታችን ያልተነሣ ልጅ የምትገባበት ሣጥን አልነበረውም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ ከመቀመጣቸው በፊት፣ “ያለ ጉዳይ ነው ያስቸገርኳችሁ፤ ነገሩ ከእኔም ቤት አለ” አለቻቸው። አንደኛው ሊጠይቋት ሲሉ ሌላው እጃቸውን ያዟቸው። ምራቷ በሩ አጠገብ ቆማ ሰምታለች። ገብታ ልብሷን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች። ወንድሜ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እኔ ግን እፎይ ማለት አልቻልኩም። ሶፍትዌሩ ያልመለሰልኝን እናቴ መልሳልኛለች። ልጅቷ ስድስት ዓመት ከሰባት ወር ሆኗት ነበር፤ እዚያው ቆሜ ሳላስበው ከስምንት ላይ ቀነስኩት።

በቀጣዩ ዓርብ ብቻዬን ሄድኩ። መለያውን አስገብቼ፣ ሁለት ጊዜ አመሳክሬ ጠበቅሁ። ጉዳቱ አልታወቀም አለኝ። ስንት ወር ሙሉ የተማረርኩበትን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንዳይለወጥ እየለመንኩ።