ንጹሕ ወለል

ጥፋቴ ምንድን ነው እያልኩ ስንቴ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። መጋዘን ተሰጠኝ፤ መጋዘኑን አስተካከልኩ። ሥራዬ ይኸው ነበር። ደግሞስ በእህል ቀልድ አለ እንዴ?

ከኤረር በር ወጣ ብሎ ያለው የመንግሥት እህል መጋዘን ኃላፊ የሆንኩት በደርግ ጊዜ ነው። ገና ወጣት ነበርኩ፤ አዲስ አበባ አጭር ሥልጠና ወስጄ የመጣሁ፣ ምላሴ የማያርፍ ሴት። ስገባ ያየሁትን ልንገራችሁ። የማሽላው ጆንያ ባዶ መሬት ላይ ተቆልሏል። የታችኛው ሻግቷል። አዲስ የገባው ከፊት ስለተደረደረ የቆየው የሚወጣበት መንገድ የለም። ጫኝና አውራጆቹ ጆንያውን በብረት መንጠቆ እየወጉ ይጎትቱታል፤ እህሉ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ እስከ መኪናው ድረስ ይንጠባጠባል። ሾፌሮቹ ውጭ ጥላ ይዘው ጫታቸውን እየቃሙ ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ። ደሜ ፈላ።

በዚያ መጋዘን ሁላችንም አዴ የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ቅጥር የላቸውም። የቆየ ልማድ ነው፤ መኪናው ተጭኖ ሲሄድ ወለሉን ይጠርጋሉ፣ ጥራጊውን ይወስዳሉ። አፈሩን በሰፌድ አንገዋልለው፣ ጠጠሩን ለቅመው ያስፈጩታል። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ትቶባቸው የሄዳቸውን ሕፃናት የሚያበሉት በዚያ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ።

እንጨት አስረብርቤ ጆንያውን ከመሬት አስነሳሁት። መሀሉን መተላለፊያ አስለቀቅሁ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አደረግሁ። መንጠቆዎቹን ሰብስቤ ቆለፍኩባቸው፤ ጫኞቹ አጉረመረሙ፣ ኋላ ግን ለመዱት። የተቀደደ ጆንያ ሳይሰፋ እንዳይቆለል ብዬም ለአዴ የጆንያ መርፌና ሲባጎ ሰጠኋቸው።

«ኢንሻአላህ፣ እሰፋዋለሁ ልጄ» አሉኝ።

ሲሰፉ ደግሞ አይጣል ነው። እሳቸው የሰፉት ጆንያ ማሽላ ቀርቶ ጤፍ አያሳልፍም።

ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ጭነት ከረፋዱ በፊት ያልቅ ጀመር። አለቃችን በስብሰባ ላይ አስነስተው አስጨበጨቡልኝ። «ጓዶች፣ እዚያ መጋዘን አንዲት ፍሬ እንኳ መሬት ላይ አታገኙም» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

አዴ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። መኪናው ሲሄድ ንጹሑን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ይጠርጉታል። ሰፌዳቸው እንደተሰቀለ ይውላል። «አዴ፣ ቤት እንዴት ነው?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነው መልሳቸው። ፊታቸው እየከሳ ነበር፤ ያንን ፊት ላለማየት ሥራ ያለኝ እየመሰልኩ መንገዴን እቀይር ነበር።

በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ ይቀጠሩ ብዬ አለቃዬን ለመንኩ።

«የሚጠረግ ነገር በሌለበት ጠራጊ ልቅጠርልሽ?» አሉኝ። ያመሰገኑኝ እኮ በዚያው ነው።

አንድ ቀን ጫኞቹ ምሳ ሲወጡ የጆንያ መርፌ አንሥቼ በሩ አጠገብ ያለውን አንዱን ጆንያ ሸረከትኩት። ማሽላው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ ምንም እንዳላየ ሰው ቁጭ አልኩ። አዴ መጡ። እህሉን አዩና ጎንበስ ብለው የተቀደደውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ በመርፌ ነው» አሉ።

«ፈስሶ ነው አዴ። ይውሰዱት።»

«የፈሰሰ ሐላሌ ነው ልጄ። ያፈሰሱት ግን ወላሂ ሐራም ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። እንዲያውም እንደ ማዘን ብለው አዩኝ። ማሽላውን ጠርገው፣ አንገዋልለው፣ መልሰው ጆንያው ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ ቁጭ ብለው ሰፉት። አፈርኩ፤ እሳቸውንም፣ ጆንያውንም፣ ያንን ጭብጨባም አፈርኩ።

ሲባጎውን በጥርሳቸው በጠሱና «ነገ የሚሰፋ አለ?» አሉኝ።

አልነበረም። የተቀደደው ሁሉ ተሰፍቶ አልቋል።

«ግድ የለም፣ ይምጡ አዴ» አልኳቸው።

«መጥቼ ምን ልሥራ?»

የምራቸውን ነው የጠየቁኝ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ እኔ ነኛ። ዞር ብዬ የሚሠራ ነገር ፈለግሁ። ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ጆንያው በወግ ተደርድሯል። መርፌውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሰፌዳቸውን ከግድግዳው አውርደው ባዶውን ይዘው ወጡ።