ቀይ ቀለም የቀባናቸው ድንጋዮች

ዛሬ የካ ተራራ ሥር ስካቫተር የገለበጠው እርጥብ አፈር ሸተተኝ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን፣ ከትምህርት ቤታችን በላይ ያለው ቁልቁለት በዝናብ ምን ያህል እንደሚሸረሸር ልናጠና ሜትር ዘርግተን ድንጋዮቹን ቀይ ቀለም ቀባን። እዚያ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቀለሙን ሲያዩ ዕቃቸውን ወደ ውጭ ማውጣት ጀመሩ።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ቤቴን መቼ ነው የምታፈርሱት?»

«ኧረ እኛ ተማሪዎች ነን! አፈር ነው የምናጠናው።»

ሳቁ። «እንግዲያ አፈሩ ቤት ይችላል ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«እሺ» አልናቸው። ያየነው ግን ሌላ ነበርና «መሬቱ ይንሸራተታል፣ ለመኖሪያ አይሆንም» ብለን ጻፍን። አስተማሪያችን ከአሥር አሥር ሰጠን።

ክረምቱ እንዳለፈ ቤታቸው ፈረሰ። ያፈረሱት ሰዎች የእኛን ወረቀት አላዩትም። እማማ ግን ፍራሻቸውን አዝለው ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ተማሪ ነኝ አላልከኝም ነበር?»

ነበርኩ እኮ።