የከሰል ካውያና የእህቴ ሳንድዊች

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም ነው ዕድሜዬ የሄደው። በሥራዬ ቀልድ አላውቅም። ካውያዬን ሰው ሲነካብኝ ደሜ ይፈላል። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ያንኑ ካውያ ይዤ፣ አባቴና ጎረቤታችን ቁጭ ብለው እያዩኝ፣ ዳቦ የተኮስኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ደህና ሰው እንደነበርኩ ይታወቅልኝ።

ነገሩ የመጣው በታናሽ እህቴ ነው። አረብ አገር ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ መጣች። እናታችን ወደ አኼራ የሄደችው እሷ እዚያው እያለች ስለሆነ፣ ስትመጣ የጠበቅናት አባታችንና እኔ ብቻ ነበርን። ሦስት ወር እንደተቀመጠች ደላላው መደወል ጀመረ። ሌላ ቤት ተገኝቷል፣ ቪዛው ደርሷል፣ እስከ ሰኞ ሳምንት ቁርጥሽን አሳውቂኝ አላት።

"ወላሂ ወንድም ጋሼ፣ ተመልሼ ከምሄድ እዚሁ ድንጋይ ብፈልጥ ይሻለኛል" አለችኝ።

የፈለገችው ድንጋይ አልነበረም። የፈለገችው የአባታችንን የፊት ክፍል ነው። ክፍሏ አስፋልቱ ላይ ናት፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉት ሚኒባሶች በሯ ላይ ይቆማሉ። እዚያ ትኩስ ሳንድዊች እየሠራች ለመንገደኛ ልትሸጥ አስባለች። አባታችን ግን ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ክፍሏም እስከ ጣሪያ ሽንኩርት ናት።

"መንገደኛ ሐይቅ ሲደርስ ዓሣ ነው የሚበላ" አላት። "ሐይቁን የሚያህል ነገር አጠገቡ ተኝቶ፣ የተጨፈለቀ ዳቦ ይበላል?"

ለመነችው፤ እኔም ለመንኩት። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ሠርተሽ አብዪኝ" አለ። "ከተስማማኝ ክፍሏ ያንቺ ናት። ካልተስማማኝ ለደላላው የምትመልሽውን አንቺው ታውቂያለሽ።"

እንድትሄድ አልፈለግኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ እህቴ ለእኔ በስልክ ውስጥ ያለች ድምፅ ነበረች፤ ለዚያውም ኔትወርክ ሲኖር። ስለዚህ ቅዳሜ እስኪደርስ ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ።

ሳንድዊቹ እንዲህ ያለ ነው። የማዳሟ ልጅ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው አመል ነው አሉ። የበሬ ሥጋ በቁንዶ በርበሬ፣ በድንብላልና በነጭ ሽንኩርት በተቀመመ የጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ሳምንት ይከርማል፤ ከዚያ ተቀቅሎ በስሱ ይቆረጣል። በዳቦው ላይ ሥጋው፣ በሥጋው ላይ ቺዝ፣ በቺዙ ላይ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ ሰናፍጭ ጣል የተደረገበት ማዮኔዝ፣ ከላይ ሌላ ዳቦ። ከዚያ ውጭው ቅቤ ተቀብቶ፣ ተጨምቆ ይጠበሳል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ሽፋን፣ ገበር፣ ድርብ ገበር እያልኩ በሆዴ እቆጥር ነበር። ለአንድ ሰው ምሳ እንዲህ ተደክሞለት አይቼ አላውቅም፤ የሙሽራ ኮት እንኳ ይህን ያህል ገበር የለውም።

ሥጋው ፍሪጅ ገባ። ጎመኑን ከትፋ በጨው አሸችውና ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በሻርፕ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀመጠችው። በራሱ ይኮመጥጣል አለች። ለአባታችን ግን አልነገረችውም። አልጋው ደግሞ የሚሰግድባት ክፍል ውስጥ ነው።

በአራተኛው ቀን አባቴ ከሱቄ አስጠራኝ። ስደርስ መስገጃው ላይ ቁጭ ብሏል።

"ቤቴ ውስጥ የሚፈላ ነገር አለ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን?"

"እሳት የለ፣ ምድጃ የለ፣ ይፈላል። ለሱጁድ ግንባሬን ሳወርድ ነው የሰማሁት።"

ጆሮዬን ወደ ወለሉ አስጠጋሁ። እውነቱን ነው። ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ከአልጋው ሥር ጠርሙሱን ጎትቼ አወጣሁትና ክዳኑን ስከፍተው አረፋው ገንፍሎ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አባቴ እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

"ጠላ!" አለ። "ሱብሃነላህ! አረብ አገር ሂዳ መጥመቅ ተምራ መጣች! ከየት አገር ሂዳ ምን ተምራ መጣች!"

እህቴ እየሮጠች ገባች። "ጎመን ነው አባባ! የሳንድዊቹ ጎመን ነው!"

"ጎመን ሳይጣድ ይፈላል?"

ችግሩ ይኸውና። አባቴ በሕይወቱ ጠላ ቀምሶ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ጠላ ይሁን አይሁን የሚለይ ሰው በቤቱ የለም። አባቴ ትንሽ አሰበና ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጠላ እየጠመቀች ትተዳደራለች። አባቴ የጌሾሽ ሽታ ገደለኝ እያለ ዕድሜ ልኩን ይነዘንዛታል፤ እናታችን የሞተች ለት ግን ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ደረቷን የደቃችው እሷ ናት።

"እህትየ!" ብሎ ተጣራ። "አንድ ጊዜ ብቅ በይማ! ለምስክርነት ነው!"

እስከ ክርኗ የረጠበ እጇን እያራገፈች መጣች። ጠርሙሱን በብርሃን አየችው። አሸተተችው። ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። አባቴ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሟል።

"እህስ?" አላት።

"ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው። ይኸ እንኳን ሰው ዝንብ አያሰክር" አለች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። "ማነው ጠላ ነው ያለ?"

አባቴንና እኔን አፈራርቃ አየችን።

"የኔን ጠላ ከዚህ የጎመን እጣቢ ጋር ነው ያመሳሰላችሁት? ይኸን ያህል ዘመን ጎረቤት ሁነን?"

እሷን ለማባበል ከጎመኑ ክርክር ዘለግ ያለ ጊዜ ፈጀብን። በመጨረሻ ጾም ላይ ስለነበረች በሰሃን ትንሽ ጎመን ቀንሱልኝ አለች፤ ቃሪያ ቢገባበት አይከፋም ብላም ሄደች። አባቴ ጠርሙሱን በገዛ እጁ አልጋ ሥር መለሰው። በጠላ ጠማቂ ምስክርነት ሐላል የተባለ ምግብ ከዚያ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ቺዙም አስቸግሮን ነበር። እዚህ ያለው አይብ ነው፣ አይብ ደግሞ አይቀልጥም። ሙከራ ብለን አንድ ዳቦ አይብ ሞልተን በመጥበሻ ብንጠብሰው ዳቦው ከሰለ እንጂ አይቡ ፍንክች አላለም። ለቺዝ ብዬ ሥራ ዘግቼ ደሴ ድረስ ሄጃለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን ልትገዛ ነው ብሎ ጠየቀኝና፣ ክር አልኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። አባታችን የቀትሩን ዙህር ሰግዶ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ጎረቤታችንም ተጠርታለች፤ ነገሩን ከጀመርኩት ልጨርሰው ብላ መጣች። እህቴ ከአረብ አገር በካርቶን ጠቅልላ ያመጣችውን የዳቦ መጭመቂያ ማሽን አወጣች፣ ጠራረገች፣ ሶኬቱ ላይ ሰካች። ቀይ መብራቱ በራ። ሳንድዊቹን ደራረበች። አነሣች። ቀይ መብራቱ ጠፋ።

መብራት ሄደ።

ጠበቅን። አባቴ ሰዓቱን አየ። እህቴ ማሽኑን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

"አይሆንም" አልኳት።

"ምን አልኩህ?"

"ዓይንሽ ብሏል። አይሆንም።"

"ወንድም ጋሼ" አለችና ማሽኑን ነቅላ ወደ ካርቶኑ መመለስ ጀመረች።

መጥበሻው እንደሚያከስል፣ እንደማይጨምቅም አይተናል፤ ሄጄ ካውያዬን አመጣሁት። መብራት የሚጠፋበት አገር ልብስ ሰፊ ነኝና ያለኝ የከሰል ካውያ ነው። ከሰል ሞላሁት፣ አራገብኩት፣ ፍሙ ሲቀላ ሳንድዊቹን በፎይል ጠቀለልኩ። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ከዚያ እጄ ከለመደው ሊወጣ እምቢ አለ፤ ሳላስበው ልክ እንደ ሱፍ ሱሪ ውሃ ረጨሁበት። ቸስ ብሎ ጮኸ።

"ሱሪ ነው ምሳ ነው?" አለ አባቴ።

"እጅጌውን አትርሳው" አለች ጎረቤታችን።

አንገቴን ደፍቼ ተኮስኩ። ዝም ብሎ መጫን እንጂ ወዲያና ወዲህ ማለት እንደሌለብኝ እህቴ ብትነግረኝም አልቻልኩም፤ ቅቤው በአራቱም ማዕዘን ፈሶ ብርድ ልብሴን አራሰው። በማግስቱ በዚያው ብርድ ልብስ ላይ ሱሪ የተኮስኩለት አንድ ደንበኛዬ፣ ምን እንደነካት እንጃ ድመት እግሬ ሥር አልለይ አለችኝ እያለ ሲያወራ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ፎይሉን ስንከፍተው ግን ዳቦው ቀልቷል፣ ቺዙ ቀልጧል። መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ የካውያ መስመር ነበረው። አላፍርበትም፤ ጥሩ መስመር ነበር።

"በትኩሱ ነው አባባ፣ ሲቀዘቅዝ አይሆንም" አለች እህቴ።

"ምግብ ያለ ዱዓ?" አለና መዳፉን ዘረጋ።

አባቴ ዱዓ ሲያደርግ የሚረሳው ሰው የለም። ለእናታችን፣ ለሙታን ሁሉ፣ ለአገር ሰላም፣ ለዝናቡ፣ ለታመሙት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ በየባሕሩና በየበረሃው ላሉት ወጣቶች። እኛ አሚን እንላለን፤ ጎረቤታችንም አሜን ትላለች። ቺዙ ሲረጋ በዓይኔ እያየሁት ነበር። እህቴ አሚኑን እያፈጠነችው ሄደች፤ አባቴ ግን ዱዓው የተወደደለት መስሎት ከጎረቤቶች ወደ ጎረቤት ቀበሌዎች ተሻገረ። ጨርሶ ፊቱን በእጁ ሲያብስ እኔ ካውያውን እንደገና እያራገብኩ ነበር።

ሁለተኛውን ስሰጠው ደግሞ ገለጠው። እንደ ኬላ ፈታሽ ከላይኛው ዳቦ ጀምሮ አንድ በአንድ እያነሣ፣ "ይኸስ?" "ይኸስ?" እያለ ጠየቃት። ሥጋውን ለብቻ፣ ጎመኑን ለብቻ፣ ዳቦውን ቆራርሶ ዙሪያውን በትሪው ላይ አሰለፈውና፣ "በሉ፣ ቅረቡ" አለን። ጾም ላይ ናትና ጎመኑን ወደ ጎረቤታችን ገፋላት።

"ተደራርቦ ነው የሚበላ አባባ! አንዱ ለአንድ ሰው ነው!"

"ለአንድ ሰው?" አለ፤ ከልቡ ደንግጦ። "ሌላው ሰው ምን ያደርጋል?"

የእህቴ ዓይን እንባ ሞላ። ለመጨረሻዋ የሚሆን ዳቦ ብቻ ነበር የቀረን። ያቺን ስተኩስ ሰኞ ታየኝ፣ ሻንጣዋ ታየኝ። ለሁለት ቆርጣ ሰጠችው። ይህኛውን አልገለጠውም፣ ቢስሚላህ ብሎ ገመጠ። አኘከ። ብዙ አኘከ። ሦስታችንም አገጩን እናያለን።

"ጨው ነው" አለ። ውሃ ጠጣ። "ይጎመዝዛልም።"

እህቴ አቀረቀረች።

"እዚያ ያለውም ጣዕሙ እንዲህ ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"አላውቅም አባባ።"

"ስድስት ዓመት ሠርተሽው?"

"በየቀኑ ሠርቸዋለሁ፤ ቀምሸው ግን አላውቅም። ለልጁ ተቆጥሮ ነው የሚሠራ። እኔ እዚያው ማብሰያው አጠገብ ቁሜ የትናንቱን ሩዝ ነበር የምበላ።"

ይህን ስትል አላማረረችም፤ ሰዓት የተጠየቀች ያህል ነው የመለሰችው። ጎረቤታችን ማኘኳን ተወች። እኔ ከካውያው ላይ እጄን አነሣሁ። በየሳምንቱ ስንደውል ምን በላሽ እንላት ነበር፤ ሁሉን እበላለሁ ነበር መልሷ፤ እኛም አምነን ስልኩን እንዘጋ ነበር።

አባቴ የተነከሰውን ትቶ ያልተነካውን ግማሽ ትሪው ላይ አስቀመጠና ወደ እሷ ገፋው። "ተቀመጪ" አላት። ተቀመጠች። "ብዪ።"

ልማድ ሆኖብኝ ከጠርዙ ልቆርስ እጄን ስዘረጋ በጥፊ መታው።

"ተዋት። ለብቻዋ ትብላ።"

በዚያ ቤት ይህ ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እህቴ ገመጠች። "ውይ፣ ጨው!" አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ግን አላቆመችም። ቺዙን እየሳበች፣ ጣቷን እየላሰች በላች። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ባዶ እጃችንን ታቅፈን አንድ ሰው ሲበላ እናያለን።

"ሽንኩርቱን ነገ እናወጣዋለን" አለኝ አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር። ቀጥሎ ስልኳን አምጣልኝ አለኝ፤ የደላላውን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩና ሰጠሁት።

"ልጄ አትመጣም" አለው። ሰውዬው ለምን ብሎት መሰለኝ፣ አባቴ እህቴን አያት።

"ምሳ እየበላች ነው" አለና ዘጋው።