ብቸና ተሰፍቶ ብቸና የተፈታ ጆንያ

ነገሩ በጠቅላላ አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ፣ ብዙ የገበያ ቀን፣ የሞጣ ምልልስ ትራንስፖርትና አንድ ጥሩ ጃኬት አስወጥቶኛል። ጃኬቱ በሞጣው መንገድ፣ ግንደወይን ላይ ከመኪና ስወርድ ሚስማር ይዞት ተቀደደ። ደንበኛው የተቀደደው በስልክ ነው።

ብቸና ገበያ እህል እየገዛሁ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ጭኜ እሸጣለሁ። ጆንያ የምሰፋው ራሴ ነኝ፤ በቀይ ሲባጎ ሰፍቼ ጫፉን ሁለቴ አዙሬ እቋጥረዋለሁ። ቢላ ካልነካው አይፈታም። አንድ ቀን ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ሄጄ፣ የተማሪዎች ምገባ ማድቤት በር ላይ የባቄላ ጆንያ ተደርድሮ አየሁ። ጨረታ ያሸነፈ አቅራቢ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው ተባለ። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀይ ሲባጎ፣ ጫፉ ሁለቴ ዞሮ የተቋጠረ። እኔ የጫንኩት ባቄላ አዲስ አበባን አይቶ፣ አፉን ሳይከፍት አገሩ ገብቷል። የደርሶ መልስ ኪራዩን የከፈለው ደግሞ መንግሥት ነው። ባዶ ሲሆን አንዱን ጆንያ ከነሲባጎው ለምኜ ወሰድኩ።

በዚያው ሰሞን ከዓመት ዓመት ባቄላ የሚሸጡልኝ አንዲት እናት ቤት ጎራ አልኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ማሳቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው ያሳርሱታል። ጓሯቸው የባሕር ዛፍ ችግኝ ሞልቶታል። ክረምቱ ሲገባ የባቄላው ማሳ ላይ ሊተክሉት ነው። ምክንያታቸውን ተረጋግተው አስረዱኝ፤ የሳቸው ባቄላ የሚደርሰው የሁሉም ባቄላ ሲደርስ ነው፣ ያኔ ዋጋው ይወድቃል፣ የሚጥለውም ፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ዋሹ አልልም።

«እትዬ፣ ባሕር ዛፍ አንዴ ከገባበት እኮ መሬቱ ለእህል አይመለስም» አልኳቸው።

«ዛፍ አይነቅዝም፤ ዋጋ እስኪያወጣ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንተ መቼ ቆመህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ?»

መንገዴን ሳስበው መጣሁ። እሳቸው ከተከሉ ጥላው ጎረቤት ማሳ ላይ ይወድቃል፣ ጎረቤትም ይተክላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በጆንያ አይሰፋም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር በየወሩ ባቄላ የሚበላ ትምህርት ቤት አለ። ችግሩ ደንቡ ነው፤ የዓመቱን ባንዴ የሚያቀርብ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው ይፈልጋል። እትዬ ቢያስይዙ የሚያስይዙት በሬዎቻቸውን ነው።

የምገባ ግዥ ደንብ ሊሻሻል ነው፣ ሞጣ ላይ ምክክር ተጠርቷል ሲባል ሰማሁ። በዕለቱ መንገዱ ክፍት ስለነበር ጆንያዬን አጥፌ ሄድኩ። እጄን አውጥቼ የሲባጎውን ታሪክ ስናገር አዳራሹ ሳቀ። መድረክ ላይ የነበረው የግዥ ኃላፊ ግን አልሳቀም፤ ጆንያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ መጀመሪያ ከአካባቢው ገበሬ ይገዛ፣ በማኅበራቸው በኩል፣ በየወሩ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ያለ ማስያዣ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ሐሳቡን እንደወደደው ነገረኝና ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«ገበሬው በወሩ ባያደርስ ልጆቹን ምን ላብላቸው?»

አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

«የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አልኩ። «ገበሬው በሚያቀርብበት ዋጋ።»

«ይጻፍ?»

«ይጻፍ።»

ከኋላዬ የተቀመጠ ሌላ እህል ነጋዴ፣ ጤና እንዳጣሁ ለጎኑ ሰው በሹክሹክታ አስረዳው። የሞጣ ሹክሹክታ ብቸና ድረስ ይሰማል።

ደንቡ ለሙከራ ጸደቀ። ለመሙላት ቃል የገባሁትን ባቄላ መጋዘን ማቆየት ስላለብኝ፣ የአዲስ አበባ ደንበኛዬ ሲደውል የለኝም አልኩት። እንዳለኝ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

እትዬ ግን ችግኙን አልጣሉትም። የመጀመሪያውን ርክክብ ሳያዩ እንደማይጥሉት ነግረውኛል። ቀኑ ደርሶ የማኅበሩ ተረኛ ሆነው በአህያ ጭነው ትምህርት ቤት ሲደርሱ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ አንድ ወጣት ልጅ፣ መዘነና አልቀበልም አለ። ጎድሎ አይደለም፤ በልጦ ነው። እኛ አገር ሰው ሰፍሮ ሲሸጥ በላዩ ምርቃት ይጨምራል፤ እሳቸውም ለልጆች የሚሆን ነው ብለው ከወትሮው አብዝተው ጨምረዋል። ሠራተኛው ልጅ ደግሞ ደንቡ ላይ ስለጎደለ እንጂ ስለበለጠ የሚል አንቀጽ አላገኘም። ትርፉን ቀንሰው ይውሰዱ አላቸው።

«የመረቅሁትን መልሼ አልወስድም» አሉ እትዬ። «አንዴ ሰጥቻለሁ። ካልፈለጋችሁ ሁሉንም ጫኑልኝ፤ የምተክለው አለኝ።»

ተጠርቼ ስደርስ አህያዋ መንገዱን ይዛ ቆማለች። ለኃላፊው ሞጣ ደወልኩ።

«ጎደለ ልትለኝ ነው?» አለኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

«በዝቷል።»

ነጋዴ እህል በዛ ብሎ ሲደውልለት የመጀመሪያው መሆኑን ነገረኝ፤ ቀጥሎም ስልኩን ለልጁ እንድሰጠው አዘዘኝ። ልጁ አዳመጠ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ፣ ሚዛኑ ላይ እስከ ልኩ ድረስ ተረከበ። የተረፈውን የማድቤቱ ኃላፊ፣ ሞላ ያሉ ሴት፣ በነጠላቸው ተቀብለው ገቡ፤ ምርቃት ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ተመዝኖ እንደማያውቅ ለልጁ እየነገሩት። ከወራት በኋላ ደንቡ ሲጸና የግዥ ኃላፊው አንድ መስመር አስገባበት፤ በብልጫ ምክንያት ርክክብ አይከለከልም ይላል። ደንብ አንብቤ ፈገግ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እትዬ ችግኙን ለደብሩ አጥር ሰጡት። አሁን ለኔ የሚሸጡልኝ ከትምህርት ቤቱ የተረፈውን ነው፤ ዋጋውንም እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ወር መንገድ ተዘግቶ ማኅበሩ ሳያደርስ ቀርቶ ሞልቻለሁ። ኪሴን ጎድቶታል፣ ልጄ ግን ንፍሮው ጥሩ ነበር ብላለች።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ደንበኛው አልተመለሰም። ጃኬቱ ተጥፏል። ማሳው ባቄላ ነው። እኔ ጥቂት ከስሬያለሁ።